የትኛው ሀ?

ቀለሜ በየማለዳው ሱቋን ከፍታ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ብሩሾቿን አንድ በአንድ ጥቁር ቀለም ውስጥ እየነከረች በበሩ የውስጥ ገጽ ላይ አጭር መስመር ታሰምራለች። ፀጉሩን የሚጥል ብሩሽ መስመሩ ላይ ይታወቃል። እሱን ለሰሌዳ ጠርዝ ታስቀረዋለች፤ ንጹሑን ለፊደል ትይዘዋለች። ከብዙ ዓመት መስመር የተነሣ በሩ እንደ ዛፍ ቅርፊት ወፍሯል። ጎን ለጎን የልብስ ስፌት ሱቅ ያላት ታናሽ እህቷ፣ «እትዬ፣ እኔ ሰው አለብሳለሁ፣ አንቺ በር ታለብሻለሽ» ትላታለች።

ከተማዋ ትንሽ ናት። በዋናው መንገድ ላይ የሚነበበው ሁሉ የቀለሜ እጅ ነው፤ «ጫማ እናድሳለን»፣ «ፀጉር ቤት»፣ «እዚህ ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው»። ደንበኞቿ የሚሉትን እንጂ የሚጻፍበትን ፊደል አያውቁም፤ ስለዚህ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ሁለት የሆኑ ፊደሎች ሲመጡ ምርጫው የእሷ ነው። ፀጉር አስተካካዩን «የትኛው ጸ ይሁንልህ?» ብላ ብትጠይቀው «የሚቆረጠው» ብሏታል። ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ትታ የራሷን ሕግ አወጣች። ሰሌዳው ጠባብ ከሆነ ሰ፣ ሰፊ ከሆነ ሠ። አስተማሪ የነበሩት አባቷ እነዚህን መንትዮች በስማቸው አስተምረዋታል። «እሳት» የሚጻፍበት እሳቱ ሰ ነው፣ «ንጉሥ» የሚጻፍበት ንጉሡ ሠ። «ሃሌ ሉያ» የሚጀምርበት ሃሌታው ሀ ነው፣ መርከብ ማለት የሆነው «ሐመር» የሚጀምርበት ሐመሩ ሐ። ለቀለሜ እነዚህ ጎረቤቶቿ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ለሌላው የከተማ ሰው ግን ሀ ያው ሀ ነው።

ባሏ ከሞተ ረጅም ጊዜ ሆኗል። ልጅ አልወለዱም። አርባዎቹን ጨርሳ አምሳዎቹን ስትጀምር ውሃ ልክ መጣ።

ውሃ ልክ አናጢ ነው። እናቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ግን የግንበኞች ውሃ ልክ ከደረት ኪሱ ስለማይለይ ስሙ እሱ ሆኖ ቀረ። ምግብ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ አረፋዋ መሀል መቆሟን ያያል። አንድ ቀን ለማያውቀው ሰው፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ሾርባዎ ወደ እኔ እየመጣ ነው» ብሎ ከጠረጴዛው እግር ሥር ካርቶን አጥፎ አስገብቷል። ራሱ ግን ሲራመድ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሚስቱን ከቀበረ በኋላ ሰው ከሥራ ሌላ ነገር ሲያወራ አልሰማውም ነበር፤ የቀለሜ በር አልዘጋ ብሎ እስኪጠራ ድረስ።

በሩን አይቶ «ቀለሙን ልላገው?» አላላትም። ቆሞ መስመሮቹን እየዳሰሰ ብዙ ቆየ። ከዚያ በሩን አልነካውም፤ መቃኑን ነቅሎ ወደ ውጭ ገፋው። ቀለሜ ስለዚህ ነገር ለእህቷ ስትነግራት ፊቷ ቀላ፤ እህቷም ልብስ መስፊያዋን አቁማ፣ «ወይ ጉድ! ተያዝሽ!» አለች።

ውሃ ልክ አግቢኝ ማለት የጀመረው በዚያው ወር ነው። በትክክል የሚጠይቀው ሰው ባለበት ነበር፤ ብቻዋን ሲያገኛት ምላሱ ይታሰራል። አንድ ጊዜ በጫማ አዳሹ ፊት፣ አንድ ጊዜ መንገድ ሲሻገሩ መኪና አስቁሞ ጠይቋታል። ሾፌሩ «እሺ በይውና እንለፍ!» ብሎ ጮኸ። ቀለሜ እሺም እምቢም አትልም። «ፊደል እያቆምኩ ነው፣ አታናግረኝ» ትላለች።

በዚህ መሀል ወንዙ ቤተ ክርስቲያኑን ሊወስድ ደረሰ።

ቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ድረስ ቀጥ ብለው በቆሙ የእንጨት ሳንቃዎች የተሠራ። ውጭው ነጭ ተቀብቷል፣ ውስጡ ቀለም ነክቶት አያውቅም። በከተማው ከሱ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ወንዙ ብቻ ነው። ወንዙ ደግሞ በየዓመቱ ከዳርቻው እየቆረሰ መጥቶ የኋላው ማዕዘን ሥር ደረሰ። ቅርስ የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት አንዲት ኢንጂነር ላከ። ወጣት ናት፣ ረጅም ቦት ጫማ አድርጋ ሦስት ጊዜ ዞረችውና፣ «ይፈታ፤ ሳንቃ በሳንቃ ይፈታና ኮረብታው ላይ እንደ ነበረ ይቁም» አለች። እያንዳንዱ እንጨት ከመነቀሉ በፊት ይጠራል፣ ሲወርድ ምልክት ይጻፍበታል። ለመጥራት ውሃ ልክ፣ ለመጻፍ ቀለሜ ተመረጡ። ልብስ ሰፊዋ እህት ሥራዋን ትታ ለማየት መጣች።

ኢንጂነሯ ቤቱን በፊደል ተራ ከፈለችው። የፊት ግድግዳ ሀ፣ የቀኙ ለ፣ የኋላው ሐ፣ የግራው መ፣ ኮርኒሱ ሠ፣ ጣሪያው ረ፣ የደወሉ ማማ ሰ። ከማማው ተጀምሮ ወደ ታች ሲፈታ እሷ ራሷ ከቀለሜ አጠገብ ቆማ «ይሄ እሳቱ ነው፣ ይሄ ንጉሡ» እያለች ስለነበር አንድም አልተሳሳተም። ግድግዳዎቹ ጋ ሲደረስ ግን ኮረብታው ላይ የመሠረቱ ጉድጓድ ውሃ ያዘና ወደዚያ ሄደች።

ቀለሜ ከዚያ በኋላ ብቻዋን ሠራች፤ ጀርባዋን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥታ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀና ብላ ውሃ ልክን ከመሰላሉ ላይ ካየችው እጇ ይንቀጠቀጣል፤ እጇ ከተንቀጠቀጠ የመ እግር ይወላገዳል። ስለዚህ በርጩማዋን አዙራ፣ ከኋላዋ በሚመጣላት ሳንቃ ላይ የሰማችውን ትጽፋለች። «ሀ አንድ!» ይላል፤ ሀ ፩ ትጽፋለች። «ሀ ሁለት!» ይላል፤ ትጽፋለች። ጋሪ ነጂው የተጻፈበትን እየጫነ ወደ እህል መጋዘኑ ይወስዳል። ከየት እንደ ተነቀለ ዞራ አላየችም።

የመጨረሻው ሳንቃ ወርዶ መሬቱ ባዶ ሲሆን ውሃ ልክ በጋሪ ነጂውና በእህቷ ፊት እንደ ገና ጠየቃት። ቀለሜ ብሩሿን እየጠረገች ባዶውን ቦታ አየችው።

«እኔ» አለች፣ «የፈረሰ ነገር መልሶ ሲቆም አይቼ አላውቅም። ቤት ሲፈርስ አይቻለሁ፣ ትዳር በሞት ሲፈርስ አይቻለሁ። ይሄ እንደ ነበረ ከቆመ አገባሃለሁ።»

«እንደ ነበረ?»

«እንደ ነበረ። ሳንቃው ሁሉ በቦታው።»

ውሃ ልክ ወደ ጋሪው ሮጦ የመጨረሻውን ሳንቃ ሳመው። ከንፈሩ ጥቁር ሆኖ ዋለ።

መሠረቱ ደርቆ ምሰሶዎቹ ኮረብታው ላይ ሲተከሉ ከተማው ግማሹ ለመርዳት፣ ግማሹ ለመተቸት ወጣ። ውሃ ልክ መሰላሉ ላይ ወጥቶ እንደ ደወል በሚያስተጋባ ድምፅ፣ «ሀ አንድ!» አለ። ሁለት ሰዎች ከክምሩ ሁለት ጎን ሁለት ሳንቃ ተሸክመው መጡ። ሁለቱም ሳንቃ ላይ፣ በሚያምር ጽሑፍ፣ ሀ ፩ ይላል። ተያዩ።

«የእኔ ነው ሀ አንድ» አለ አንዱ።

«ማንበብ አትችልም? የእኔ ነው እንጂ!»

ሀ ሁለትም ሁለት ሆኖ መጣ። ሀ ሦስትም።

«ቀለሜ!» ውሃ ልክ ከላይ ጮኸ። «ሳንቃው መንታ መንታ ወልዷል!»

«ያልከኝን ነው የጻፍኩት! ሀ አልክ፣ ሀ ጻፍኩ!»

«የኋላውን እኮ ሐ ነው ያልኩሽ!»

«እስቲ አሁን ድገመው፤ የኋላው ምንድን ነው?»

«ሐ!»

«የፊቱስ?»

«ሀ!»

«ሰማችሁ?» አለች ቀለሜ ወደ ሕዝቡ ዞራ።

ሕዝቡ ሰማ። መጀመሪያ ጫማ አዳሹ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ኢንጂነሯ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ በሳቅ ትንፈራፈራለች። «የእኔ ጥፋት ነው» ትላለች ሳቋ ሲፈቅድላት፤ «ሀ፣ ለ፣ ሐ ብዬ እንደ ሕፃን ፊደል ቆጠርኩ! ሐን መዝለል ነበረብኝ!» የቀለሜ እህት ብቻ አልሳቀችም። ወደ ቀለሜ ተጠግታ፣ «እትዬ፣ ሠርግሽ ሁለት ቦታ ተጻፈ እኮ» አለቻት።

ውሃ ልክም መሳቁን ተወ። ምሰሶዎቹ በአንድ ልክ የተጠረቡ ስለሆኑ የሳንቃዎቹ ቁመትም የምስማር ቀዳዳቸውም ለፊቱም ለኋላውም ይገጥማል። ውጭው እንደሆነ ሁሉም ነጭ ነው። ጋሪ ነጂው መሰላሉን ይዞ፣ «እንደመጣ ምታው ወንድሜ፤ ማን ያውቃል?» አለው በሹክሹክታ።

ውሃ ልክ ወደ ቀለሜ ተመለከተ። እሷም አየችው።

«እሷ» አለ፤ መሰላሉንም ወረደ።

መላው የመጣው ከዳቦ ጋጋሪዋ ነው። ከክምሩ አንዱን ሳንቃ በውስጥ ገጹ ገልብጣ አየችና በእጇ አፏን ያዘች። «እናንተ! ዳክዬዋ!»

እንጨቱ ላይ ክብ ጉጥ አለ፣ ከጉጡ ጎን እንደ ምንቃር የሾለ ጥቁር መስመር። የቤተ ክርስቲያኑ የኋላ ግድግዳ ከቄሱ ጀርባ ያለው ነው፤ የከተማው ሰው ስብከት ሲያዳምጥ የሚያየው እሱን ነው። ቄሱ ደግሞ ስብከት ጀምረው በቶሎ ጨርሰው አያውቁም። ከልጅነቱ ጀምሮ በየሳምንቱ የኋላውን ግድግዳ ጉጥ በጉጥ ያላጠና የከተማ ሰው የለም።

«እውነቷን ነው፣ ዳክዬዋ ከአባ ቀኝ ትከሻ በላይ ነበረች!»

«ዳክዬ? እኔ እስከ ዛሬ ጫማ ናት ብዬ ነበር» አለ ጫማ አዳሹ።

«አንተማ ምን ያልመሰለህ ነገር አለ! ገልብጠህ ይዘህ ነው!»

«ይቺ ደግሞ ጢም ያላት ሴትዮ ናት፤ በግራ መጨረሻ።»

«ጢም አትበላት፣ የአማቴ አፍንጫ ናት። ስብከቱ ካለቀ በኋላ ቤት ስገባ እንኳ እያየችኝ ነበር።»

የቀሩት ሳንቃዎች የፊት ግድግዳ መሆናቸውን ግን ሕዝቡ ማረጋገጥ አልቻለም፤ ያን ግድግዳ ጀርባውን ሰጥቶት ነው የኖረው። በዚህ ጊዜ ቄሱ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ፊት መጡ።

«እናንተ እኔን ስታዩ» አሉ፣ «እኔ ምን የማይ ይመስላችኋል? በሩንና የበሩን ግድግዳ ነው። ይሄ ከበሩ ግራ። ይሄ ከሱ ቀጥሎ፤ ስንጥቁ እስከ ወገቡ ነው፣ ሁልጊዜ ትክ ብዬ አየው ነበር።» አንዱን ሳንቃ በበትራቸው ነካ አደረጉ። ሰው ቁጭ ሲል ራሱ በሚደርስበት ቁመት ላይ በስለት የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ «ስብከት ረዘመ»። «ይህንንም አውቀዋለሁ። ያነበብኩት ብዙ ጊዜ ነው። ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ጀርባ፣ በቀኝ በኩል።»

ጋሪ ነጂው ፈረሱን ውሃ ለማጠጣት ድንገት ሄደ።

እንዲህ እየተባለ፣ ከተማው የኋላውን፣ ቄሱ የፊቱን እየለዩ፣ ሁለቱ ግድግዳዎች ተለያዩ። ቀለሜም በኋላው ሳንቃ ሁሉ ላይ የቀድሞውን ሰርዛ ሐመሩ ሐን ጻፈች። በዚህ ጊዜ ጀርባዋን አልሰጠችም። የሐ እግር ቢወላገድም ግድ አልነበራትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም ሰው ፊደል በባዶው አልጠራም። ሁሉም የቀለሜ አባት ባስተማሯት ስም ነበር። ኮርኒሱ ሲሠራ ኮረብታው ላይ፣ «ንጉሡን አቀብሉኝ!»፣ «ንጉሡ ተሰንጥቋል፣ ሙጫ!»፣ «ቀስ! ንጉሡን ጣቴ ላይ ጣላችሁት!» ይሰማ ነበር። የሚያልፍ መንገደኛ ቆሞ አዳመጠና እርምጃውን ፈጠን አደረገ።

ችግሩ ማማው ላይ መጣ። ማማው እሳቱ ሰ ነው። ውሃ ልክ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀጥለውን ሳንቃ ይጠብቃል፤ ከታች ያሉት ግን ወሬ ይዘው ረሱት። ትዕግሥቱ አለቀና በሙሉ ድምፁ፣ «እሳቱ! እሳቱ! ምን ትጠብቃላችሁ፣ እሳቱ!» አለ።

ከኮረብታው ሥር ያለው ሰፈር ይህን ሰማ። ዳቦ ጋጋሪዋ የሊጥ ባልዲዋን ሳይቀር ውሃ ሞልታ ይዛ ወጣች። ፀጉር አስተካካዩ ከነደንበኛው መጣ፤ ደንበኛው ግማሽ ራሱ አረፋ ነበር። አትክልት የሚያጠጣ ሰው ፓምፑን በጎማ ጋሪ እየገፋ ደረሰ። «የታለ?» «ከላይ ነው!» «ሰውየው እዚያው ነው!» ፓምፑ ተነሣ። ውሃ ልክ «አይ... ፊደሉን ነው... ፊደ...» ሲል ውሃው አፉ ውስጥ ገባ።

ሲያወርዱት ከቦት ጫማው ውሃ አፈሰሰ። ከደረት ኪሱ ውሃ ልኩን አወጣና አረፋዋን አየ። «ደህና ናት» አለ። ቀለሜ ሳቋን ማቆም አቅቷት መሰላሉ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ እህቷም እያነሣቻት አብራ ትወድቃለች። የራሰው እንጨት እስኪደርቅ ሥራው ቆመ፤ ለቀናት በከተማው ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ «እሳቱ!» ይላል፣ ሌላው ያጎነብሳል።

በመጨረሻ ቆመ። ደወሉ ወደ ማማው ወጣ፣ ጣሪያው ተዘጋ፣ ዳክዬዋ ከቄሱ መቆሚያ በስተቀኝ በላይ ተቀመጠች። ኢንጂነሯ በየማዕዘኑ ዞራ «እንደ ነበረ ነው» አለች። ውሃ ልክ መላጩንና መጋዙን ለመሰብሰብ ወደ ሜዳው ሄደና ሳይመለስ ቆየ።

ሣሩ ላይ አንድ ሳንቃ ተርፏል።

አጭር ነው፤ በላዩ ላይ በቀለሜ እጅ፣ ከጻፈቻቸው ሁሉ ያማረ ሀ አለ። ቁጥር የለውም። ውሃ ልክ ቤቱን እየዞረ ግድግዳውን በጡጫው መታ፣ ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ሥር አየ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወረደ። ክፍተት የለም። የቀለሜ እህት አየችው።

«ማገዶ አድርገውና ዝም በል» አለችው።

«ሳንቃው ሁሉ በቦታው ነው ያለችው።»

«አይተርፍም እንዴ? ልብስ ስሰፋ ቁልፍ ይተርፈኛል!»

ሳንቃውን ትከሻው ላይ አደረገና ሕዝቡ መሀል ወደ ቆመችው ወደ ቀለሜ ሄደ። ወደ ግራ ማዘንበሉ ያን ቀን ባሰበት። እግሯ ሥር አስቀመጠው።

«ተረፈ» አለ። «ከየት እንደሆነ አላወቅሁም።»

ቀለሜ ሳንቃውን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። ዳቦ ጋጋሪዋ «ኧረ በናትሽ» አለች። ቀለሜ ጎንበስ ብላ ፊደሉን በጣቷ ነካችው።

«ይሄን አስታውሰዋለሁ» አለች። «ሀ አልክና ቁጥሩን ሳትነግረኝ ዝም አልክ። ብጠብቅ ብጠብቅ ዝም። አጠገቤ የቆመው ሳንቃ ይሄ ነበረ፣ ጻፍኩበት። ጊዜ ስለነበረኝ አሳምሬ ነው የጻፍኩት።»

«እኔ ቁጥር ሳልጠራ...» ውሃ ልክ አሰበ። ከዚያ የግራ አውራ ጣቱን ቀና አድርጎ አየው። ጥፍሩ አዲስ ነው፤ ገና ግማሹን ነው ያደገው። «ቀለሜ፣ እሱ ሀ አይደለም! ጣቴን በመዶሻ መትቼ ነው! ሃ! ነው ያልኩት!»

«እና ለምን ዝም አልክ?»

«ትንፋሽ አጥሮኝ!»

ጋሪ ነጂው ሰዎችን እየገፋ መጣና ሳንቃውን ገልብጦ አየው። ጠርዙ ላይ ሁለት የዛገ ማጠፊያ አለ። «እንዴ! ይሄ የጋሪዬ ጎን ነው! ለጭነት አውልቄ ያስደገፍኩት! እኔ እኮ ጎረቤቴን ሌባ ብዬ እስከ ዛሬ አኩርፌዋለሁ!» ጎረቤቱ ከኋላው ቆሞ ነበርና በተራው «አሁንስ?» አለው። ሕዝቡ እንደ ገና በሳቅ ፈነዳ፤ ቄሱ እንኳ በትራቸው ላይ ተደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ውሃ ልክ አልሳቀም፤ ቀለሜን ነበር የሚያየው። እሷ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ከታች እስከ ላይ፣ ከበሩ እስከ ደወሉ ቀስ ብላ አየችው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አልደበቀችውም።

«እሺ» አለች።

«ምን? የትኛው እሺ?»

«እሺ መንታ የለውም» አለች ቀለሜ። «አንድ ነው።»

ሠርጉ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ የፊት በር ቀለም እስከዚያ ስለማይደርቅ እንግዶች በጎን በር ይገባሉ።